በፌስታል የታሰረ አንጎል

ዘውዱ ቁልፉን ለአስራ ሰባተኛ ጊዜ አዞረው። ዶልፊን የሚሏት ሚኒባሱ ለአስራ ሰባተኛ ጊዜ ሳለች፣ ደግማ ሳለች፣ ከዚያ ዝም አለች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የቁልፍ ምልክት ግን ብልጭ ድርግም እያለች ትጠቅሰዋለች። ሚስቱ መስከረም እንኳ ሳያገባት በፊት እንዲህ ደጋግማ ጠቅሳው አታውቅም።

«አሁንም እንቢ አለች?» አለችው መስከረም ከበረንዳው።

«ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው።»

«ወልድያ ላይ፣ በሚያዝያ?»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ የተለጠፈችው ማስታወቂያ ደግሞ ቅዳሜን ትጠራለች፦ እስከ ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ሞተሩ እየሠራ፣ በራሱ ጎማ፣ በአካል ቀርቦ ያልተመዘገበ ሚኒባስ ከወልድያ–መርሳ መስመር ይሰረዛል። «በራሱ ጎማ» የምትለዋ የተጨመረችው ባለፈው ምዝገባ አንዱ ዶልፊኑን በአይሱዙ ጭኖ ስላመጣ ነው። የሚሰረዝ ሰው ቦታ የሚጠብቁ ዘጠኝ ሚኒባሶች አሉ። የእነሱን ዝርዝር በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞረው ተራ አስከባሪው ያሬድ ነው፤ መንገድ ላይ የአንድ ሾፌር ሞተር ሲያስል ከሰማ እስክሪብቶውን ያወጣል ይባላል። ዘውዱ ከዚያ መስመር ሌላ እርሻ የለው፣ ሱቅ የለው። ስለዚህ ሁለት ነገር ማድረግ ነበረበት፤ መኪናዋን ማስነሳት፣ እስክትነሳ ድረስም አለመነሳቷን ከሰው መደበቅ።

ነገሩ የጀመረው በወሬ ነበር። በዚያ በክፉው ጊዜ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ የወልድያ ባለመኪኖች አንድ ትምህርት ቀስመዋል። ቁልፏን የደበቁባት መኪና ያለ ቁልፍ ተወሰደች፤ ጎማዋን የፈቱባት በሰው ጎማ ተወሰደች፤ ኮምፒውተሯን የነቀሉባት ግን እዚያው ቆማ ባለቤቷን ጠበቀች። ኮምፒውተር የሚሏት ደብተር የምታክል የብረት ሣጥን ናት፤ ከዳሽቦርዱ ኪስ ኋላ ተደብቃ ሞተሩን የምታዝ የመኪናዋ አንጎል። ከዚያ ወዲህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ባለመኪና ሁሉ አስር ቁጥር የብሎን መፍቻ ይዞ ጎንበስ ይላል። ነቅሎ ይደብቃል። አንዱ ጤፍ ውስጥ ቀብሮ ጤፉን ከነኮምፒውተሩ ሸጦታል፤ ሌላው ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ዝናብ አጠጥቷታል።

ዘውዱ እንደነሱ ሞኝ አልነበረም። ባለፈው ዓርብ ወሬ ሲነሳ ኮምፒውተሯን ነቅሎ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ ለእትዬ ረሂማ ሰጣቸው። እትዬ ረሂማ የሰፈሩ ባንክ ናቸው፤ ከባንክ የሚለዩት «ሲስተም የለም» ባለማለታቸው ነው። የሙሽራ ወርቅ፣ የቤት ካርታ፣ የሟች ኑዛዜ፣ ሁሉም አልጋቸው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ነው። ሕጋቸው ሁለት ናት። የተጠቀለለ አይፈቱም፤ ማን ምን እንዳስቀመጠ ለማንም አይናገሩም።

«ምን እንደሆነ አትንገረኝ» ብለውት ነበር እጃቸውን እየዘረጉ። «ከነገርከኝ አውቀዋለሁ፤ ካወቅሁት እንቅልፍ ይነሳኛል።»

«አደራዎን እትዬ።»

«አማና ነው ልጄ። ሂድ።»

ሰኞ ማታ ወሬው ቆቦም ሳይደርስ በኖ ቀረ። ማክሰኞ ማለዳ ዘውዱ ፌስታሉን ከነሲባጎው ተቀብሎ፣ ኮምፒውተሯን ቦታዋ መልሶ፣ ሶኬቱን ቀጭ አድርጎ ሰካና ቁልፉን አዞረ። ጥቅሻው ከዚያ ጀመረ።

እትዬ ረሂማን ልጠርጥር ብሎ ያሰበው ለአንዲት ቅጽበት ነው። ወዲያው አማተበ። እሳቸው ከተጠረጠሩ የመስከረም ጉትቻም ሊጠረጠር ነው፣ የቤቱም ካርታ፤ ሰፈሩ በምን ሊቆም ነው?

ስለዚህ ወደ አጥሩ ዞረ።

ከአጥሩ ማዶ ሙስዐብ አለ። የቆርቆሮው አጥር ግቢውን ከግቢው ይለየዋል እንጂ ሰዎቹን አይለያቸውም፤ ለፋሲካም ለኢድም ሳህን በላዩ ይሻገራል፣ መስከረምና የሙስዐብ ሚስት ናጅዋ የሚበዳደሩት ወንፊት አንድ ነው። ችግሩ ዶልፊኖቹም አንድ መሆናቸው ነው። ያው ነጭ ቀለም፣ ያው ሞዴል፣ ከአንድ መርከብ የወረዱ መንታዎች። የሙስዐብ ኮምፒውተር ደግሞ ባለፈው ረመዳን ታማ መርሳ ድረስ ሄዳ ታክማለች። የታመመ ኮምፒውተር ያለው ሰው የጎረቤቱን ጤነኛ ኮምፒውተር ሲያይ ምን ያስባል? ዘውዱ በሙስዐብ ቦታ ሆኖ አሰበውና ያሰበው ነገር አስደነገጠው። መቼና እንዴት እንደለወጣት አላወቀም፤ ዝርዝሩ በኋላ ይደረስበታል።

ማስረጃው በየቀኑ ይመጣ ነበር። ማክሰኞ የሙስዐብ መኪና አልወጣችም፤ እሱ ግን አጠባት። ያልተነዳች መኪና ማጠብ ምን ይባላል? ማስረጃ ማጥፋት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። ረቡዕ ጠዋት ሙስዐብ ከበድ ያለ ዘንቢል አንጠልጥሎ በእግሩ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሐሙስ ዘውዱ በቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳ ፈልጎ አንድ ዓይኑን ለጠፈ። ከማዶ የሚጠብቀው ሌላ ዓይን ነበር።

ሁለቱም ዓይኖች ጥቂት ቆዩ።

«አሰላሙ አለይኩም ዘውዱ» አለ የማዶው ዓይን።

«እንዴት ዋልክ ሙስዐብ። ምን ፈልገህ ነው?»

«ዶሮ ጠፍታብኝ። አንተስ?»

«እኔም ዶሮ።»

በሁለቱም ቤት ዶሮ ኖሮ አያውቅም።

«ሰሞኑን መኪናህ አልወጣችም» አለ ዘውዱ።

«የፍሬን ሸራ ቀይሬላት እያለማመድኳት ነው።»

«ቆማ?»

«ቆማ ነው የምትለምደው። ያንተስ?»

«ዘይት ለውጬ እስኪረጋ ነው።»

«ሦስት ቀን?»

«ወፍራም ዘይት ነው።»

«እንደዚያ ከሆነስ» አለ ሙስዐብ፣ ዓይኑንም አነሳ።

መስከረም ከበስተኋላው ሁሉንም ሰምታለች። «ለምን አትጠይቀውም? ‹መኪናዬ እንቢ አለችኝ፣ ያንተስ?› ማለት ምን ያህል ይከብዳል?»

«መኪናዬ እንቢ አለች ካልኩት ማታውን ያሬድ ጆሮ ይደርሳል። አስቀድሜ ያሬድን ማሞኘት አለብኝ፣ ከዚያ ሌባውን መያዝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተር መፈለግ።»

«በዚህ ቅደም ተከተል ከሆነ» አለች መስከረም፣ «ቀድሜ የዶሮ ሽቦ ልግዛ። መኪናዋን ማደሪያ እናደርጋታለን፣ ሁለታችሁም የጠፋችባችሁ ዶሮ አለች አይደል።»

ዓርብ ጠዋት ዘውዱ ኮምፒውተሯን በዘንቢል ይዞ መርሳ ወረደ፤ በራሱ መስመር፣ በሰው ሚኒባስ፣ እንደ መንገደኛ። ሾፌሩ ሮቤል በመስታወቱ አየውና ከልቡ ደስ አለው።

«ዘውዱ? መኪናህስ?»

«መስከረም ይዛት ወጥታለች።»

«መንዳት ጀመረች?»

«እየለመደች ነው።»

ከሲሪንቃ አለፍ ብሎ ኬላው ላይ ሁሉም ወረደ። ፈታሿ ወጣት ሴት ዘንቢሉን ከፍታ የብረት ሣጥኗን በሁለት ጣቷ አወጣች። ከዘውዱ ግራና ቀኝ የቆሙት መንገደኞች አንድ አንድ እርምጃ ራቁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመኪና ኮምፒውተር።»

«መኪናውስ?»

«ቤት ነው።»

«ኮምፒውተሩ ብቻውን የት ይሄዳል?»

«ታሞ ነው። መርሳ ላሳክመው።»

ፈታሿ ሣጥኑን አገላብጣ አየችው፣ ቀጥላም ዘውዱን። «ሪፈር አለው?» አለች። አልሳቀችም። ዘውዱ ሊስቅ ከንፈሩን ካዘጋጀ በኋላ ተወው። እያንዳንዷን ብሎን ቆጥራ፣ አሽትታ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ካዳመጠች በኋላ መለሰችለት።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ሮቤል በመስታወቱ እንደገና አየው። «መስከረም ያለ ኮምፒውተር ነው የምትለማመደው?»

ዘውዱ እስከ መርሳ ድረስ በመስኮት ማዶ ተራራ ሲያይ ቆየ።

የኡበይደላ ሱቅ መርሳ ላይ በፓፓያ ሻጮች መካከል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት። ከጣሪያዋ ዲናሞ፣ ሽቦና የተቆረጠ መሪ ተንጠልጥሏል። ከደሴ እስከ ቆቦ የጠፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚገኘው እሱ ጋ ነው፤ ውርጌሳ ላይ መኪና ተገለበጠ ሲሉት መጀመሪያ «ሰው ተረፈ?» ይላል፣ ቀጥሎ «ሞዴሏስ?»። ዘውዱ የጁምዓ ሶላት እስኪያበቃ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«እንዲህ ያለች ኮምፒውተር ፈልግልኝ» አለው ሣጥኗን እያስረከበ። «ይቺ ሞታለች።»

ኡበይደላ አራቱን ብሎኖች ፈታ። በማጉያ መነጽር ወደ ውስጥ አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ መነጽሩን ሳያወርድ ዘውዱን አየው፤ እሱን ደግሞ ከኮምፒውተሯ የበለጠ ጊዜ ወሰደበት።

«ጋሼ፣ ይቺን ከየት አመጧት?»

«ከመኪናዬ።»

«ከመኪናዎ።»

«ከመኪናዬ አልኩህ እኮ።»

«ይቺ አልሞተችም። ደኅና ናት። ቁልፍዎን ነው የማታውቀው። የቁልፍዎን ጆሮ ከፍተው ቢያዩ ውስጡ ሩዝ የምታክል ቺፕ አለች። የራሷን ቺፕ ካላገኘች ትጠቅስዎታለች እንጂ ሞተር አታስነሳም።» ጣቱን ወደ ሣጥኗ ሆድ ጠቆመ። «ደሞ ይቺን ብየዳ ይመልከቷት። የኔ እጅ ናት። ባለፈው ረመዳን ጾም ይዞኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የበየድኳት፤ ለዚህ ነው የተጣመመችው። ይቺ የሙስዐብ ናት።»

ዘውዱ ወንበር ፈለገ። አልነበረም፤ ባትሪ ላይ ተቀመጠ። ሳምንቱን ሙሉ ሌባ ሲያድን ከርሞ፣ አሁን የሰው ዕቃ ዘንቢሉ ውስጥ የተገኘበት ሰው እሱ ነው። በገዛ እግሩ፣ ኬላ አስፈትሾ፣ ሮቤልን ምስክር አድርጎ ነው ይዞት የመጣው።

«እኔ አልወሰድኩበትም» አለ።

«አልወጣኝም።»

«ፊትህ ብሎታል።»

ኡበይደላ መሳቢያውን ሳበ። ከውስጡ መንታዋ ተኝታለች። በተፈታው ክዳኗ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ሌባ እንዳይፍቃቸው ብሎ ዘውዱ በነጭ ቀለም የጻፋቸው የታርጋው የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ።

«ይቺስ የማን ናት?»

«የኔ» አለ ዘውዱ ከባትሪው እየተነሳ። «የኔ ናት። ከየት መጣች?»

«ሙስዐብ ረቡዕ ይዟት መጣ። እንደርስዎው ‹ሞታለች› አለኝ። ያንተ አይደለችም፣ የበየድኩትን አውቃለሁ ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። የሰው ዕቃ ይዤ ኬላ አላልፍም ብሎ እዚሁ ጥሏት ሄደ።»

ዘውዱ እጁን ዘረጋ። መሳቢያው ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ምን ሆንክ? የኔ ናት አልኩህ፤ ቁጥሩን አንብብ።»

«አንብቤዋለሁ ጋሼ። ዕቃ የምመልሰው ግን ላመጣው እጅ ነው። ሙስዐብ አመጣት፣ ሙስዐብ ይወስዳታል።»

«ደውልለት።»

«በስልክ አልመልስም። ‹እኔ ነኝ፣ ስጠው› ብሎ የደወለልኝን አምኜ ጄኔሬተር ሰጥቼ፣ ባለቤቱ ከአራት ወንድሞቹ ጋር መጥቶ በዚች ክፍል ውስጥ አድሯል። ከዚያ ወዲህ እጅ ለእጅ ነው።»

«እሺ ይቺን የሙስዐብን አንተ ጋ ላስቀምጣት?»

«ቢያስቀምጧት ደስ ይለኛል። ግን ስትመለስ ለርስዎ ነው የምትመለሰው። ያመጧት እርስዎ ነዎት።»

ዘውዱ አሰበ። የሙስዐብን አንጎል መርሳ ትቶ ባዶ እጁን መመለስ፣ የእሱን ደግሞ በሙስዐብ እጅ ብቻ በምትከፈት መሳቢያ ውስጥ መተው። ሣጥኗን ወደ ዘንቢሉ መለሳት። ቢያንስ አንድ የሚያስይዘው ነገር ይኖረዋል።

ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ዘውዱ ያሰበው ነገር ሁሉ ቀንድ ነበረው። ሙስዐብ የሰው ኮምፒውተር እጁ እንደገባ ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃል። ቁጥሩንም አይቷል፤ የማን ታርጋ እንደሆነ ያውቃል። ታዲያ ለምን ዝም አለ? እያወቀ ዝም የሚል ሰው ንጹሕ ነው? ዘውዱ ራሱ ከዓርብ ጀምሮ እያወቀ ዝም ማለቱ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ዝም ያለው እያሰበ ነው። ደግሞስ ኮምፒውተሯን ቢሰጠው፣ ሙስዐብ መኪናውን አስነስቶ መናኸሪያ ሄዶ ቢመዘገብና መርሳ መውረዱን ቢረሳውስ?

ሰባት ሰዓት ሲሆን መስከረም ዘንቢሉን አንስታ በሩ ላይ አስቀመጠችው። «አራት ሰዓት ቀርቶሃል። ወይ አንተ ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ ለናጅዋ ወንፊት ስመልስ አብሬ እሰጣታለሁ።»

ሙስዐብ ግቢው ውስጥ ያልተነዳች መኪናውን እያጠበ ነበር። ዘንቢሉን ሲያይ ውኃውን ዘጋ።

«የኔ ናት?»

«አዎ። የኔስ?»

«መርሳ ናት።»

«አይቻታለሁ። ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም? የኔ አንጎል አንተ ቤት፣ ያንተ እኔ ቤት። አንተ ነህ የለወጥከው ብዬ ነው። እንድትደናገጥ ነበር የምጠብቀው።»

«እኔስ? የኔ ደኅና ነበረች። የታመመች ያንተ ናት። የታመመውን ሰጥቶ ደኅናውን የሚወስድ ማን ነው?»

«ዳነች እኮ። ወላሂ ከዳነች ወዲህ ካንተዋ ትሻላለች።»

«እኔ ቤት አላስቀመጥኳትም» አለ ዘውዱ። «ወሬው ሲመጣ ነቅዬ ለሰው ሰጠኋት።»

«ለማን?»

«ለሰው።»

«እኔም ለሰው ነው የሰጠሁት።»

«ለማን?»

«እናገር ዘንድ አልተፈቀደልኝም። ለሚታመን ሰው።»

«እዚህ ሰፈር ስንት የሚታመን ሰው አለ?»

ሙስዐብ መልሱን ከመናገሩ በፊት ወደ እትዬ ረሂማ ቤት አየ፤ ዘውዱም እንዲሁ። ሁለት ጥቁር ፌስታል፣ ሁለት ሲባጎ፣ የተጠቀለለ የማይፈቱ አንዲት ሴት። ሳምንቱን ያበላሸባቸው ሌባ አልነበረም። አንዷ ታማኝ ሳትፈታ አቀያየረቻቸው፤ ሌላው ታማኝ እንዲቀያየሩ አልፈቀደም። አንድ ቀማኛ መሐል ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን አንድ ላይ ሰርቆ አንድ ላይ ይሸጥላቸው ነበር።

«ለእሳቸው እንዳትነግር» አለ ሙስዐብ።

«እብድ ነኝ?»

አሁን የቀረው ቀላል መሆን ነበረበት። ኮምፒውተሯ ሙስዐብ መኪና ላይ ትገጠማለች፤ በዚያች መኪና አብረው መርሳ ይወርዳሉ፤ የዘውዱን ያመጣሉ። ነገር ግን ዘውዱ ሣጥኗን አልለቀቀም።

«መሪው እኔ ጋ ይሁን» አለ።

«መኪናዬን?»

«እኔ አንጎሏን ሰጥቼህ አንተ መሪውን ከያዝክ እኔ ምን ያዝኩ?»

ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማሙበት ይህ ነው። ሙስዐብ ይነዳል። ዘውዱ ከጎኑ ይቀመጣል፤ የዳሽቦርዱ ኪስ እንደተፈታ ይቆያል፤ የዘውዱ እጅ በክፍተቱ ገብቶ የኮምፒውተሯን ሶኬት እንደያዘ ይጓዛል። ሙስዐብ ወደማይሆን ቦታ ከታጠፈ ዘውዱ ይነቅለዋል።

መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ሙስዐብ «አልሐምዱሊላህ» አለና ዓይኑን ከዘውዱ እጅ ላይ ሳያነሳ ከግቢው ወጣ። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ባዶ ሚኒባስ ሳይጭን ሲያልፍ፣ ከፊት የተቀመጠው ሰውም ክንዱን እስከ ክርኑ ዳሽቦርድ ውስጥ ከቶ ሲያዩ እጃቸውን ያወርዳሉ። ኬላው ላይ ያቺው ፈታሽ ነበረች። ሣጥኗን አየች፣ እጁን አየች።

«ተሻለው?»

«እየተሻለው ነው።»

«እጅህን አውጣ።»

«ካወጣሁ መኪናዋ ትጠፋለች።»

«ካወጣ መንገዱን ልትዘጋብኝ ነው?» አለች ሙስዐብን። አሳለፈቻቸው።

መርሳ ሲደርሱ ኡበይደላ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ወጥቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፈ። ተመልሶ ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸው። መሳቢያውን ከፍቶ የዘውዱን ኮምፒውተር በሁለት እጁ ለሙስዐብ ሰጠው። ዘውዱን እንደ ምስክር እንኳ አላየውም።

ሙስዐብ ሣጥኗን ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ከጭኑ ሥር አኖራትና ተቀመጠባት።

«ስጠኛ» አለ ዘውዱ፣ ከጎኑ ገብቶ ሶኬቱን እንደገና እየጨበጠ።

«አንተ እጅህን አንሳ።»

«እሱ ስትሰጠኝ ነው።»

«እኔም ስታነሳ ነው።»

እንዲሁ ተነሱ። አንዱ በሌላው አንጎል ላይ ተቀምጦ፣ ሌላው የአንዱን አንጎል ጨብጦ። ለሲሪንቃ ትንሽ ሲቀራቸው የግመል መንጋ መንገዱን ሞላው፤ አስር ደቂቃ በላባቸው። ዘውዱ ክንዱ ደንዝዟል፤ ጣቶቹ የሱ መሆናቸውን የሚያውቀው በማየት ብቻ ነበር። ሙስዐብ በየጉድጓዱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለመኪናዋ ሳይሆን ሶኬቱ እንዳይወጣ።

ወልድያ መግቢያ ላይ የዳሽቦርዱ ሰዓት አስር ከአርባ ሁለት ይል ነበር። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ቀኝ መናኸሪያው ነው፤ አምስት ደቂቃ። ወደ ግራ ሰፈራቸው ነው፤ የዘውዱ ዶልፊን አንጎሏን እየጠበቀች የቆመችበት። ወደ ቀኝ ከታጠፈ ሙስዐብ በሰላም ይመዘገባል፤ ዘውዱ ግን ወደ ቤት ሄዶ፣ ገጥሞ፣ ተመልሶ ሊደርስ አይችልም። ወደ ግራ ከታጠፈ ወይ ሁለቱም ይደርሳሉ፣ ወይ ሁለቱም ያመልጣቸዋል።

ሙስዐብ ዝግ አለ። ከኋላ ባጃጅ ጮኸበት። ዘውዱ የደነዘዙት ጣቶቹ ሶኬቱን አጥብቀው ሲይዙ አየ።

መኪናዋ ወደ ግራ ታጠፈች።

«ለምን ወደዚህ ዞርክ?» አለ ዘውዱ።

ሙስዐብ ነዳጁን ረገጠ። የዘውዱ ግቢ በር ላይ ሲያቆም ሣጥኗን ከሥሩ አውጥቶ ጭኑ ላይ ወረወረለት። ዘውዱ እጁን ሲስብ ክንዱ አልታዘዘውም፤ በግራ እጁ ጎትቶ አወጣው። መስከረም አስር ቁጥሩን መፍቻ ይዛ ቆማ ነበር። ዘውዱ ሲገጥማት አንድ ብሎን ወደቀችበት፤ ፍለጋዋን ትቶ በሦስት ብሎን አሰራት። ሶኬቱን ሰክቶ ቁልፉን ሲያዞር ቀይዋ ምልክት አንድ ጊዜ ጠቀሰችውና ጠፋች። ሞተሩ ተነሳ።

ሙስዐብ አልሄደም ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ይጠብቃል። ሁለቱ ነጭ ዶልፊኖች ተከታትለው ወጡ።

ለአስራ አንድ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀር ያሬድ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ያሬድ ሁለቱንም መኪኖች ዞሮ አያቸው፣ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፣ የዘጠኙን ዝርዝር ከደረት ኪሱ አውጥቶ ቅር እያለው አጠፈና መለሰው። ሁለቱንም ታርጋ ጻፈ።

«ሙስዐብ፣ ተራው ያንተ ነው፣ ጫን። ዘውዱ ካንተ ቀጥሎ።»

መንገደኞች ወደ ፊተኛው ዶልፊን መግባት ጀመሩ። ሙስዐብ ወርዶ ወደ ዘውዱ መስኮት መጣ። እጁን በሩ ላይ አሳረፈ።

«ወደ ቀኝ ብታጠፍ ኖሮ» አለ፣ «ትነቅለው ነበር?»

ዘውዱ ክንዱን እያሻሸ አየው። «እጄ እዚያ ባይኖርስ ኖሮ ወደ ግራ ትታጠፍ ነበር?»

ሁለቱም የሌላውን መልስ ጠበቁ።

«ሞልቷል እኮ» አለ ያሬድ ከፊት።

«መጣሁ» አለ ሙስዐብ፣ ወደ መኪናውም ሄደ።